«ለምን ጥለውት አይሄዱም?» የፈጠራ ዓለም ካርታ አላሳምን ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

የመጀመሪያ ካርታዬን የሣልኩት ባለፈበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ነው። አንድ ትልቅ አህጉር፣ ሦስት ወንዞች፣ አምስት ጥንታዊ መንግሥታት። መንግሥታቱ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ እኩል ተራርቀው ተደርድረዋል። ኮርቼበት ነበር። ጂኦግራፊ የሚያስተምር ጓደኛዬ ቡናውን ፉት እያለ አየውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «እነዚህ ሰዎች ንጉሡ ሲያስመርራቸው ለምን ጥለውት አይሄዱም?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የራሴንም የሰውንም ካርታ ሳይ መጀመሪያ የማነሳው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ለልቦለድም ሆነ ለጨዋታ ብላችሁ ዓለም የምትፈጥሩ ከሆነ፣ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ብልሽቶች ከነማስተካከያቸው እነሆ።

መለኪያዬ እውነተኛው ዓለም ነው። ከማንም ሳይቀዱ ከተማና መንግሥት አበቀሉ ተብለው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠሩት ስድስት ቦታዎች ናቸው፦ ሜሶፖታሚያ (የዛሬዋ ኢራቅና አካባቢዋ)፣ ግብፅ፣ የኢንዱስ ሸለቆ (የዛሬዋ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ሕንድ)፣ ቻይና፣ ሜሶአሜሪካ (ሜክሲኮና አካባቢዋ) እና የፔሩ ጠረፍ። ግብፅና ኢንዱስ ከሜሶፖታሚያ ምን ያህል ሐሳብ ወስደዋል በሚለው ላይ ምሁራን ይከራከራሉ። ለእኛ ሥራ ግን ስድስቱም ይጠቅማሉ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ችግር፦ ከተማው ያለው በጣም ለምለሙ ቦታ ላይ ነው፤ ግን አይታመንም

አረንጓዴ ሜዳ ነው፣ ጫፉ አይታይም። ዝናብ እንደልብ ነው። መሐል ላይ ግንብ፣ ቤተ መንግሥት፣ ግብር ሰብሳቢ። አንባቢው ምክንያቱን ባያውቀውም የሆነ ነገር ይጎረብጠዋል።

ጥፋቱ ያለው ሜዳው ላይ ነው። ሰፊ ነዋ! አንዱ መንደር ሌላውን ቢያሸንፈው፣ የተሸነፈው ጓዙን ጠቅልሎ ሁለት ቀን ይሄድና ሌላ ጫካ ይመነጥራል። ተገዢው ከሄደ ደግሞ ንጉሡ ማንን ይገዛል? ሮበርት ካርኔሮ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ አማዞንን ከፔሩ ጠረፍ ጋር ያነጻጸረው ለዚህ ነው። አማዞን ውስጥ የተሸነፈ ይሸሻል። የፔሩ ሸለቆዎች ግን ጠባብ ናቸው። ግራና ቀኙ በረሃ፣ ከኋላ ተራራ፣ ከፊት ባሕር። የተሸነፈ ሰው ወይ ያልቃል ወይ ይገብራል።

ስለዚህ ከተማውን ከቦታው አታንሱት። ዙሪያውን አድርቁት። ለሙ መሬት ቀጭን ጥብጣብ ይሁን፣ ከጥብጣቡ ወጣ ሲሉ ደግሞ አሸዋ ወይም ገደል ይጠብቃቸው። የግብፅን ካርታ በዚህ ዓይን ስታዩት ሌላ ነገር ይሆናል። አንድ እግር ጥቁር ደለል ላይ፣ አንድ እግር በረሃ ላይ አድርጎ መቆም የሚቻልበት አገር ነው።

ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔም ቆይቶ ነው የገባኝ። ሰውን የሚያስረው ጦርነት ብቻ አይደለም። እዚያው ፔሩ፣ ሱፔ ሸለቆ ውስጥ ካራል የምትባል ከተማ አለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2600 ገደማ ፒራሚዶቿ ቆመዋል። የሸክላ ዕቃ እንኳን አያውቁም ነበር። የጦርነት ምልክት ይህ ነው የሚባል አልተገኘም። ታዲያ ምን ያዛቸው? ጥጥ። ዓሣ አጥማጁ ባሕሩ ዳር ነው። ባሕሩ ሰርዲን በሚያካክሉ ትንንሽ ዓሦች የተሞላ ነው፣ መረብ ከሌለ ግን አይያዙም። መረቡ የሚሠራበት ጥጥ የሚበቅለው ከባሕሩ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ገባ ብሎ፣ በመስኖ ነው። ገበሬው ዓሣ ይፈልጋል፣ አጥማጁ ክር ይፈልጋል። ግንበኞቹ ድንጋዩን ከሣር በተጎነጎነ ከረጢት ይሸከሙና ከነከረጢቱ መሠረቱ ውስጥ ይከቱት ነበር። ከረጢቶቹ ዛሬም አሉ፣ ዕድሜያቸውን የለኩት ከእነሱ ነው።

እንግዲህ የጓደኛዬ ጥያቄ ሁለት መልስ አለው ማለት ነው። ወይ መሄጃ የለም፣ ወይ ከሄዱ የሚቀርባቸው ይበልጣል። ካርታችሁ ላይ ቢያንስ አንዱ ይኑር።

ችግር፦ ወንዝ አለ፤ ግን ወንዙ ምንም አይሠራም

ይሄ የብዙዎቻችን በሽታ ነው። ሰማያዊ መስመር ይሣላል፣ ዳሩ ላይ ከተማ ይቀመጣል፣ አለቀ። ወንዙ ጌጥ ሆኖ ቀረ።

መድኃኒቱ ወንዙ የሚሞላበትን ወር መወሰን ነው። ግብፅ ውስጥ ዓባይ መሙላት የሚጀምረው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነበር። ነሐሴና መስከረም ላይ ጢም ይላል። ጥቅምት ላይ ውሃው ይሸሽና እርጥብ ደለል ጥሎ ይሄዳል። ገበሬው እሱ ላይ ይዘራል፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ያጭዳል። ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ገደማው የእኛ ደጋ ላይ የዘነበ ነው። ሐምሌ ላይ ጣሪያችንን ሲደበድብ የሚያመሸው ዝናብ ለካ የሌላ አገር ቀን መቁጠሪያ ኖሯል። እነሱ ዘንድ ዝናብ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳያዩት በየዓመቱ ይመጣል። ለልቦለድ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የት ይገኛል? ሃይማኖታቸው ምን እንደሚመስል ግማሹን ወንዙ ነገራችሁ።

አሁን የሜሶፖታሚያን ወንዞች፣ ጤግሮስንና ኤፍራጥስን ተመልከቱ። የሚሞሉት ከቱርክና ከኢራን ተራሮች በረዶው ሲቀልጥ ነው። ጊዜው ሚያዝያና ግንቦት። ገብሱ ደግሞ ልክ ያኔ ደርሶ ለአጨዳ ቆሟል። ጎርፉ የሚመጣው በደረሰ እህል ላይ ነው እንግዲህ። ስለዚህ መገደቢያ፣ ቦይ፣ ቦዩን የሚጠርግ ሰው፣ ጠራጊውን የሚያዝ ሰው ያስፈልጋል። ላይኛው መንደር ውሃውን ቢዘጋው ታችኛው ይሞታል። መስኖው ሲቆይ ደግሞ ጨው ወደ ላይ ይወጣል።

ከዚህ የፖለቲካው ልዩነትም ይመጣል። ዓባይ ወደ ሰሜን ይፈስሳል፣ ነፋሱ ወደ ደቡብ ይነፍሳል። መውረድ ለሚፈልግ ውሃው፣ መውጣት ለሚፈልግ ሸራው አለለት። ከአስዋን እስከ ባሕር ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3100 ገደማ አንድ ንጉሥ ጠቅልሎ ያዘው። ሱመር (ደቡብ ሜሶፖታሚያ) ግን ለብዙ መቶ ዓመታት እርስ በርስ የሚፋጁ ከተሞች ስብስብ ሆና ቆየች። የአካድ ንጉሥ ሳርጎን የጠቀለላት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2300ዎቹ ነው።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ውሰዱና የወንዛችሁን አሥራ ሦስት ወር ጻፉ። መቼ ይሞላል፣ መቼ ይዘራል፣ መቼ ይታጨዳል፣ ነፋሱ ወዴት ነው። የኔ ሁለተኛ ወንዝ ይህን ስሠራለት ነው በአጨዳ ወር እንደሚሞላ ያወቅኩት። የሰዎቹ ጠባይ ወዲያው ተቀየረ።

ችግር፦ እርሻው ሞልቷል፤ ግብር ግን አይሰበሰብም

ሰዎቻችሁ ጎደሬና ሙዝ እየበሉ ፒራሚድ ይሠራሉ? ቆም በሉ። የኒው ጊኒ ደጋ ሰዎች ከማንም ሳይማሩ ቢያንስ ከ7000 ዓመት በፊት ማረስ ጀምረዋል። ኩክ በሚባል ረግረግ ውስጥ የቆፈሯቸው ቦዮች ተገኝተዋል። ያም ሆኖ ንጉሥም ከተማም አልመጣም። እርሻ ብቻውን አይበቃም።

አንዱ ማብራሪያ ሰብሉ ራሱ ነው። ስንዴ፣ ሩዝ፣ በቆሎ ሜዳ ላይ ቆሞ ይታያል። ባንድ ጊዜ ይደርሳል። ደርቆ ጎተራ ይገባል፣ በቁና ይሰፈራል። ግብር ሰብሳቢው የሚመጣበትን ሳምንት ያውቀዋል። ሥራሥር ግን አፈር ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፣ ሲወጣ ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል። የእኛን እንሰት አስቡት። ለዓመታት ጓሮ ቆሞ ይጠብቃል፣ ባለቤቱ በፈለገ ቀን ይቆርጠዋል፣ ቆጮው ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሹሙ መጥቶ ምኑን ይስፈር?

ነገር ግን ይህን እንደ ሕግ አትያዙት። ከፋ የእንሰት አገር ነው፤ እስከ 1897 ድረስ ግን የራሱ ንጉሥ ነበረው። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሰዎችም መፍትሄ አግኝተዋል። ድንቹን ሌሊት ውርጭ ላይ ያሰጡታል፣ ቀን በእግራቸው እየረገጡ ውሃውን ያወጡታል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። ያ ድንች ለዓመታት ይቀመጣል። አንዲስን ይገዙ የነበሩት የኢንካዎች ጎተራዎች ውስጥ ከነበሩት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። የፈጠራችሁት ሰብል ሥራሥር ከሆነ እንዲህ ያለ ማድረቂያ ስጡት። አንድ ገጽ ስለ ድንች መርገጥ ብትጽፉ አንባቢ ይቅር ይላችኋል፤ እኔ ይቅር እላለሁ።

ችግር፦ ትናንት ዘሩ፣ ዛሬ ነገሡ

ይሄ አጭር ነው። ስንዴና ገብስ መዝራት ከተጀመረ እስከ ሜሶፖታሚያዋ ኡሩክ ከተማ ድረስ 5000 ዓመት ገደማ አለፈ። በቆሎ ከዱር ሣር ወደ ሰብልነት የተለወጠው የዛሬ 9000 ዓመት ገደማ ነው፣ የሜሶአሜሪካዎቹ የኦልሜኮች ከተማ ሳን ሎሬንሶ የደመቀችው ግን የዛሬ 3000 ምናምን ዓመት። በመሐል ያለው መንደር ነው፣ በመንደር ላይ መንደር። ከከተማችሁ ሥር ሃያ የፈረሱ መንደሮች ቅበሩ። ጉድጓድ የሚቆፍር ልጅ የማያውቀውን ገል ያግኝ፣ ይበቃል።

ችግር፦ ሁለቱ ሥልጣኔዎች ሳይተዋወቁ በቀሉ ተብሏል፤ ግን የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ

ምሥራቁም ምዕራቡም ፊደል አለው፣ ሠረገላ አለው፣ ፈረስ አለው። መሐላቸው ያለው አንድ ኮረብታ ነው።

መጀመሪያ ኮረብታውን እንይ። ኮረብታ ሰው አያግድም። የኢንዱስ ዶቃ በሜሶፖታሚያዋ ኡር መቃብሮች ውስጥ ተገኝቷል። ሜሶአሜሪካን ከቻይና የለየው ፓስፊክ ውቅያኖስ ነው፣ ያ ያግዳል። ከልብ እንዲነጠሉ ከፈለጋችሁ ውቅያኖስ ወይም የወር መንገድ በረሃ ጣሉባቸው።

ቀጥሎ፣ የሚመሳሰለው ነገር ምንድን ነው? ሁለቱም ፒራሚድ ቢኖራቸው ችግር የለውም። ድንጋይ ከፍ አድርጎ የሚከምር ሁሉ ከታች ካላሰፋ ይናድበታል። ፊደል ግን እንዲህ አይታለፍም። በኡሩክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ የተጻፈው የገብስ፣ የበግና የቢራ ሒሳብ ነው። ቻይና ውስጥ አንያንግ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ የተጻፈው በበሬ አጥንትና በኤሊ ልባስ ላይ ሲሆን፣ ጥንቆላ ነው፦ ይዘንብ ይሆን? ንግሥቲቱ በደህና ትገላገል ይሆን? ሜሶአሜሪካ ላይ ደግሞ ቀን መቁጠሪያና የገዢዎች ስም ይበዛል። ኢንካዎች ጭራሽ ፊደል ሳይኖራቸው በቋጠሮ ገመድ ሒሳብ ይዘው ያን የሚያህል ግዛት አስተዳድረዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥልጣኔ የመጀመሪያው ጸሐፊ ምን አሳስቦት እንደጻፈ ወስኑ። ምልክቶቹ ከዚያ ይመጣሉ።

መንኮራኩርም እንዲሁ። ጥንታዊ ሜክሲኮ ውስጥ ጎማ ያላቸው የሸክላ አሻንጉሊቶች ተገኝተዋል። ጋሪ ግን የለም፣ የሚጎትት በሬም ፈረስም አልነበራቸውማ።

እንዲመሳሰሉ የግድ ከፈለጋችሁስ? እንግዲያው ዝምድናውን እመኑ። የግዕዝ ፊደል የዘር ሐረጉ ከደቡብ ዓረቢያ ፊደል ይመዘዛል፣ መሐሉ ቀይ ባሕር ብቻ ነው። አክሱም ወንዝ ዳር አይደለችም፣ ከ2000 ሜትር በላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ወደቧ አዱሊስ ነበር። ቅጂ ናት ለማለት አይቻልም፣ ማንንም ሳታውቅ በቀለች ለማለትም አይቻልም። እንዲህ ያለ ሥልጣኔ ካርታችሁ ላይ ቢኖር እንዴት ደስ ይላል፤ ብቻ «ለብቻው የበቀለ» ከሚለው ዝርዝር አውጡት።

ችግር፦ ሁሉም ግብፅ ነው

ንጉሥ፣ ቤተ መቅደስ፣ ግዙፍ ሐውልት። ሁሉም መንግሥታት ላይ። ለውጥ ስትፈልጉ ወደ ኢንዱስ ሸለቆ ከተሞች፣ ወደ ሞሄንጆዳሮና ሃራፓ ሂዱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2600 እስከ 1900 በደመቁት በእነዚህ ከተሞች ይህ የንጉሥ ቤት ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የሚጠቆም ሕንፃ የለም። ያለው የፍሳሽ ቦይና ጡብ ነው። የጡቡ ቁመት፣ ስፋትና ርዝመት በሩቅ ከተሞች ሁሉ 1 ለ 2 ለ 4 ነው። ማን አዘዛቸው? ጽሑፋቸው እስካሁን ስላልተነበበ መልሱ የለም። ለእናንተ ግን ክፍት በር ነው።

ችግር፦ ከተማው ሁሉ ነገር አለው

ወርቁም፣ እንጨቱም፣ ድንጋዩም እዚያው። እንግዲህ ነጋዴ ለምን ይነሣል? ደቡብ ሜሶፖታሚያ ያላት ጭቃ፣ ውሃና ሸምበቆ ነው። ጥሩ እንጨት የለም፣ ማዕድን የለም። ሰማያዊው የላፒስ ድንጋይ ከዛሬዋ አፍጋኒስታን ተራሮች ድረስ ይመጣላት ነበር። ከከተማችሁ ላይ ሁለት ነገር ቀንሱ፤ መንገዶቹ ራሳቸው ይሣላሉ።

የእኔ ካርታ ከአምስት ወደ ሦስት ወርዷል። አንዱ በጨው በረሃና በገደል መካከል ነው፣ አንዱ ክፉ ወር የሚሞላው ወንዝ ላይ፣ ሦስተኛው ጥጥና ዓሣ ይለዋወጣል። ያልተፈታችው ደቡብ ላይ ያለችው ደሴት ናት። ለብቻዋ ሥልጣኔ ልታበቅል በጣም ታንሳለች፣ ልሰርዛት ነበር። የወንድሜ ልጅ ግን አስቀድማ «ጨረቃ በር» ብላ ስም አውጥታላታለች። በጀልባ የመጡ ሰዎች ናቸው የሠሯት ብዬ ላልፈው ሞከርኩ። እሷ አልተቀበለችኝም። «ከየት ነው የመጡት? ለምንስ አይመለሱም?» አለችኝ።