ጅማ ያለው ማሳ አልጄሪያ ላይ ሲታይ፦ የፓይስታክ አትሪቢዩቶች ችግርና መፍትሔ

በፓይስታክ (የሳተላይትና መሰል ምስሎችን መረጃ በካታሎግ በሚያደራጀው የፓይተን ላይብረሪ) የተሠራ ካታሎግ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ተቀምጦ ካርታ ላይ ሲከፈት፣ የጅማው የቡና ማሳ ምስል አልጄሪያ ውስጥ አናባ ከተማ አጠገብ ከታየ፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። ጅማ የምትገኘው በግምት በ7.67 ዲግሪ ሰሜንና በ36.83 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሆን፣ የአይተሙ (በካታሎጉ ውስጥ ያለው የምስሉ መዝገብ) ጂኦሜትሪ፣ ማለትም የቦታው ቅርጽ፣ የሚከተለው የጂኦጄሶን (የካርታ መረጃ መጻፊያ ቅርጸት) ደንብ ኬንትሮስን ስለሚያስቀድም 36.83፣ 7.67 ተብሎ መጻፍ አለበት። ጎግል ማፕስ ግን ኬክሮስን ያስቀድማልና ቁጥሩን ከዚያ ገልብጦ እንዳለ የሚለጥፍ ሁሉ ይሳሳታል። በቫሊዴት (በፓይስታክ ማረጋገጫ ትእዛዝ) መተማመን አይገባም፤ ቁጥር መሆኑን እንጂ ቅደም ተከተሉን አያይም። የአገራችን ኬንትሮስ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ስለሆነ፣ ከ90 በላይ የሆነ ኬክሮስን የሚከለክል መሣሪያም አይይዘውም።

ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ግን በግማሽ የታረመ ካታሎግ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት «አስተካክለነዋል» ብሎ ያመጣልኝ ሥራ ማሳውን በትክክል ጅማ ላይ ይስለው ነበር፤ ወደ አይተሙ አጉላ ሲባል ግን ካርታው ተመልሶ አናባ ይሄዳል። ጂኦሜትሪና ቢቦክስ (ቦታውን የሚከበው አራት ማዕዘን ወሰን) የተለያዩ አትሪቢዩቶች፣ ማለትም የአይተሙ የመረጃ መስኮች፣ ናቸውና አንዱ ሲታረም ሌላው አብሮ አይታረምም። ቢቦክስን በእጅ መጻፍ ይቅር፤ ምዕራብ፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ሰሜን የሚለውን ቅደም ተከተል ሼፕሊ በተባለው የፓይተን ላይብረሪ ባውንድስ ከጂኦሜትሪው ማውጣት ይቻላል። የኮሌክሽኑ (የአይተሞች ስብስብ) ኤክስቴንት፣ ማለትም አጠቃላይ ወሰኑ፣ በአፕዴት ኤክስቴንት ፍሮም አይተምስ ትእዛዝ የሚታደሰው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው፤ የሚሰላው ከአይተሞቹ ቢቦክስ ስለሆነ፣ ቀድሞ ከታደሰ የቆየውን ስህተት ይደግማል። በመጨረሻም ካታሎጉ እንደገና መቀመጥ አለበት፤ ይህን የሚዘነጉ ብዙ ናቸው።

ሰዓቱ ከተዛባ፣ ዴትታይሙ (ምስሉ የተነሳበት ቀንና ሰዓት) የሰዓት ክልል ሳይጠቀስለት ገብቷል፤ ፓይስታክ እንዲህ ያለውን እንደ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ይወስደዋል። በማስታወሻ ደብተር ላይ «ጠዋት 2:30» ተብሎ የተመዘገበው በፈረንጆች አቆጣጠር 8:30 ነው፤ የአገራችን ሰዓት ከዩቲሲ በሦስት ሰዓት ስለሚቀድም 5:30 ዩቲሲ ሆኖ መግባት አለበት። 2:30 ብሎ ማስገባትም፣ 8:30 ብሎ ክልሉን መተውም ስህተት ነው።

የአንዱ አይተም የደመና መጠን ሲቀየር የሌሎቹም ከተቀየረ፣ ሁሉም አንድ ፕሮፐርቲስ ዲክሽነሪ (የአይተሙ ዝርዝር መረጃዎች የሚቀመጡበት) ተጋርተዋል፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ቅጂ ይሰጠው።

አንጻራዊ አድራሻ ያለው አሴት (ከአይተሙ ጋር የተያያዘ ፋይል) ሙሉ አድራሻው ሲጠየቅ ነን (None፣ «ምንም የለም») ከመለሰ፣ ባለቤቱ አይተም ገና የራሱ አድራሻ አልተሰጠውም፤ አድራሻ የሚሰጠው ሴት ሰልፍ ኤችሬፍ የተባለው ትእዛዝ ይቅደም።