በውድድር ዳኞች ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ክስ ከመመሥረቱ በፊት ሊያደርገው የሚገባ

የግጥም ውድድር ላይ ነጥብ የሚሰጠውንም ችሎት የሚያስችለውንም «ዳኛ» ብለን ስለምንጠራ፣ አንዱ የፈረደውን ሌላው በይግባኝ የሚሽርለት የሚመስለው ተወዳዳሪ ብዙ ነው። እኔ ግን ፍርድ ቤት የትኛው ግጥም እንደሚበልጥ ሊወስን አይገባም፣ አዘጋጁ ለተወዳዳሪዎች የገባውን ቃል መጠበቁን ግን ሊመረምር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት የሰጠው «በፍርድ ሊወሰን ለሚገባው ጉዳይ» ነው፤ የግጥም ጣዕም ከዚህ ውስጥ የሚገባ አይመስለኝም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የውድድሩን ማስታወቂያና ደንብ ይያዙ። በብሎክ መግቢያ ላይ የተለጠፈ ወይም በቴሌግራም የተላለፈ ከሆነ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት፤ ውጤት ከተነገረ በኋላ ቶሎ ይነሣልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1689 በማስታወቂያ ሽልማት ለመስጠት ቃል የገባ ሰው የተባለው ተግባር ሲፈጸም በቃሉ እንደሚገደድ ስለሚደነግግ፣ የክርክርዎ መነሻ ይህ ወረቀት ነው።

ቀጥሎ ቅሬታዎን ይለዩ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በተካሄደ የወጣቶች የግጥም ውድድር ላይ የነጥብ ቅጾችን የምሰበስበው እኔ ነበርኩ። ሁለተኛ የወጣችው ልጅ «ግጥሜን አልወደዱትም» ብላ አልቅሳ ልትሄድ ስትል አምስቱን ቅጾች አግዳሚ ወንበር ላይ ደርድረን አየናቸው፤ አንዱ ዳኛ የሰጣት 87 ወደ ድምር ወረቀቱ ሲገለበጥ 78 ሆኗል። ግጥሜ ይበልጣል ብላ ብቻ ብትከራከር ኖሮ ቅጾቹን የሚያይላት አልነበረም። የድምር ስሕተት፣ ደንቡ የከለከለው የዳኛና የተወዳዳሪ ዝምድና፣ ወይም ከተነገረው ውጭ የተጨመረ መስፈርት በማስረጃ የሚታይ ነገር ነው።

ጊዜ አያባክኑ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ አንድ የደቡብ ኮሪያ ጂምናስት መነሻ ነጥቡ በ0.1 ተቀንሶ መያዙ ቢታመንም፣ ተቃውሞው በጊዜው ስላልቀረበ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ ውጤቱን አልለወጠም። የፊሊፒንስ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ናጋ ከተማ ስለተካሄደ የንግግር ውድድር እ.ኤ.አ. በ1952 ሲወስን፣ ተወዳዳሪ አሸናፊ ተብሎ እስኪታወጅ ድረስ ያለው የመወዳደር ዕድል እንጂ የሽልማት መብት አይደለም ብሏል። የነጥብ ስሕተት ተነሥቶ ሳለ እንዲህ መባሉ ለእኔ ከልክ ያለፈ ነው፤ ሆኖም ተከራካሪዎ ይህንኑ ሐሳብ ሊያነሣ ስለሚችል ይዘጋጁበት።

አቤቱታዎን በሁለት ቅጂ ጽፈው ለአዘጋጁ ያስገቡ፤ በእርስዎ ቅጂ ላይም ቀንና ፊርማ ያስደርጉ። የነጥብ ቅጾቹ እንዲታዩ ይጠይቁ እንጂ ማስረጃ ሳይኖርዎ ዳኞቹን በጉቦ አይክሰሱ፤ በስም ማጥፋት ሊያስጠይቅዎ ይችላል። መልስ ካጡ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይስጡ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1772 ከክስ በፊት የሚጠይቀው ነው።

ክስ የሚቀርብበትን ቦታም ያጣሩ። ለምሳሌ አያት ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ ሲሆን፣ እልፍ ብሎ ያለው ለገጣፎ በኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ ሥር ነው። አዘጋጁ የሚገኘው እዚያ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ክልሉ ፍርድ ቤት ሊሄድ ስለሚችል፣ ክሱን በአፋን ኦሮሞ የሚጽፍልዎ ሰው ያስፈልግዎታል። በዳኝነት ጥያቄዎ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲወስንልዎ በሚጠይቁት ነገር ላይ «አንደኛ ልባል» ብለው አይጻፉ፤ ነጥቡ በራሱ በአዘጋጁ ደንብ እንደገና እንዲደመርና ሽልማቱ በዚያው መሠረት እንዲከፈል ይጠይቁ።