ከጎጃም ለመጣችሁ፦ ባልቲሞር ወደብ ላይ ዓሣ የት እንብላ?

ዲሲ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ገብታችሁ ትንሽ አረፍ ስትሉ፣ ዘመድ «ቅዳሜ ባልቲሞር እንውሰዳችሁ፣ ውሃ ታያላችሁ» ማለቱ አይቀርም። እሺ በሉ። ጣና ዳር ያደገ ሰው ውሃ ይናፍቀዋል። የማርቆስና የሞጣ ልጅም ቢሆን ባሕር ዳር ወርዶ ትኩስ ዓሣ የበላበትን ቀን አይረሳም። ግን ወደቡ ላይ የተደረደረው ምግብ ቤት ሁሉ ጥሩ ዓሣ አለው ማለት አይደለም። ለፍታችሁ ያገኛችሁትን ዶላር ከማውጣታችሁ በፊት ጥቂት ነገር ልንገራችሁ።

መኪና ከሌላችሁ አትጨነቁ። ከዲሲው ዩኒየን ስቴሽን የሚነሳው የማርክ ባቡር፣ ፔን የሚባለው መስመር፣ ቅዳሜና እሁድም ይሠራል። የካምደን መስመር ግን የሥራ ቀን ብቻ ነው። የመመለሻውን ሰዓት ጠዋት አይታችሁ ውጡ፤ ቅዳሜና እሁድ ባቡሩ ቶሎ ቶሎ አይመጣም።

ኢነር ሃርበር የሚባለው የከተማው መሃል ወደብ መርከብ ለማየትና ፎቶ ለመነሳት ደስ ይላል። ለምሳ ግን እኔ ፌልስ ፖይንት ወደሚባለው ሰፈር ወይም ወደ ሌክሲንግተን ማርኬት እንድትሄዱ ነው የምመክረው። ሌክሲንግተን እ.ኤ.አ. በ1782 የተጀመረ ነው፤ የአገሬው ሰው ራሱ የሚገዛበትና የሚበላበት ቦታ ነው። ውሃው ፊት ለፊት ባለ ቤት ግን የምትከፍሉት ለዓሣው ብቻ አይደለም፣ ለእይታውም ጭምር ነው።

የትም ግቡ፣ አስተናጋጁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ዋት ኢዝ ሎካል ቱደይ?» (ዛሬ የአካባቢው የሆነው የትኛው ነው?)። ጥሩ ቤት የዓሣውን ስምና የወጣበትን ቦታ ሳያመነታ ይነግራችኋል። «ሁሉም ትኩስ ነው» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ሌላ ቤት ሞክሩ። ቆሮሶ ናፍቋችሁ ቲላፒያ እንዳታዙ። እዚህ አገር የሚሸጠው አብዛኛው ቲላፒያ ከውጭ የሚገባ የእርባታ ዓሣ ነው፤ የጣናውን ጣዕም አታገኙበትም። «ሜሪላንድ ስታይል ክራብ ኬክ» (ተድቦልቡሎ የሚበስል የሸርጣን ሥጋ) የሚለውም አሠራሩን እንጂ ሸርጣኑ የሜሪላንድ መሆኑን አይናገርም። ሥጋው ከኢንዶኔዥያ ወይም ከቬንዝዌላ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስቴቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የአገሩን ሸርጣን ለሚጠቀሙ ቤቶች «ትሩ ብሉ» የሚል ምልክት መስጠት ጀምሯል፤ እሱን ፈልጉ።

አሁን ብዙዎቻችሁን ወደሚያሳስበው ነገር ልምጣ። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አንበላም ብላችሁ ያደጋችሁ፣ ሸርጣን፣ ሽሪምፕና ኦይስተር አይሆኗችሁም። ሮክፊሽ፣ ፍላወንደር ወይም ፐርች እዘዙ፤ ሁሉም ቅርፊት አላቸው። ሮክፊሽ ባልቲሞር አጠገብ ያለው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዋነኛ ዓሣ ነው፤ ሥጋው ነጭና ጠንከር ያለ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሜኑው ላይ «ስተፍድ» የሚል ካለ ዓሣው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሸርጣን ተሞልቷል። የሚጠበስበት ዘይትም ሽሪምፕ የተጠበሰበት ሊሆን ይችላልና «ግሪልድ» (በፍም ወይም በብረት ምድጃ የተጠበሰ) በሉ። በጾም ቀን የምትበሉት ከሆነ ቅቤ እንዳይነካውም ተናገሩ፤ ካልነገራችኋቸው ይቀቡታል።

አምባዛ የምትበሉ ከሆነ ደግሞ ብሉ ካትፊሽ አለላችሁ። ከሌላ ቦታ አምጥተው የለቀቁት ዓሣ ነው፤ ቼሳፒክን ወርሮ ሌላውን ዓሣ እየጨረሰ ስለሆነ መንግሥት ራሱ ብሉት ይላል። ዋጋውም ደህና ነው። እንደ አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ አምባዛን የማይነካ ይተወው። በሁዳዴ ጉዞውን ለፋሲካ ማግስት አቆዩት። በሌሎቹ አጽዋማት ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፤ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ሸርጣን የምትበሉ፣ በመስከረምና በጥቅምት ሂዱ፤ ያን ጊዜ ሥጋው ይሞላል። ጠረጴዛው ላይ ቡናማ ወረቀት ይነጠፋል። ኦልድ ቤይ በሚባል ቀይ ቅመም ተለውሶ በእንፋሎት የበሰለው ሸርጣን ትኩሱን እላዩ ላይ ይዘረገፋል። ትንሽ የእንጨት መዶሻ ይሰጣችኋል፤ እየሰበራችሁ በእጃችሁ ትበላላችሁ። እጅ ለለመደ ለእኛ አይከብድም። ሰውነታችሁ ሸርጣን ለምዶ ስለማያውቅ ግን መጀመሪያ ጥቂት ብቻ ቅመሱ። አፍ ካሳከካችሁ ወይም ፊታችሁ ካበጠ አቁሙ፤ ትንፋሽ ካጠራችሁ 911 ደውሉ።

ዋጋው ቦታ «ማርኬት ፕራይስ» (የዕለቱ ገበያ ዋጋ) የሚል ካያችሁ ሳታዙ ጠይቁ። ነውር አይደለም፣ ነጮቹም ይጠይቃሉ። ተቀምጣችሁ ከበላችሁ ከ18 እስከ 20 በመቶ ቲፕ ጨምሩ። ብዙ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ግን ደረሰኙን እዩ፤ «ግራቹዩቲ» የሚል ካለ ቲፑ ተደምሯል።

ባልቲሞር ከራቃችሁ እዚሁ ዲሲ፣ ዋርፍ በሚባለው ወንዝ ዳር ሰፈር ያለው የዓሣ ገበያ እ.ኤ.አ. ከ1805 ጀምሮ ይሠራል። እዚያ ዓሣውን ሙሉውን በረዶ ላይ ታዩታላችሁ። እንደ ባሕር ዳሩ ገበያ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ሲገለጥ ደማቅ ቀይ የሆነውን ምረጡ። ቤት ወስዳችሁ ጎንና ጎኑን በቢላ ሰንጥቃችሁ ጥበሱት። እዚያው ሲያጸዱላችሁ ጭንቅላቱን እንዳይጥሉት ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ለሾርባ ይሆናል።