ከባድ ሙቀትን ጤናን ሳይጎዱ እንዴት ማለፍ ይቻላል?

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሳ ብዙዎቻችን ጎርፍና ድርቅ ይታየናል። ሙቀት ግን ድምፅ ሳያሰማ፣ ያውም ቤት ውስጥ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በአንድ ሳምንት ሙቀት 619 ሰዎች ሲሞቱ፣ አብዛኞቹ የሞቱት ቤታቸው ውስጥ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ብቻቸውን የሚኖሩ ነበሩ።

መጀመሪያ ሌሊቱን ያስቡበት። በቀኑ ሙቀት የደከመ ሰውነት የሚያገግመው ሌሊት ነው፤ ክፍሉ ካልቀዘቀዘ ግን ልብ ዕረፍት አያገኝም። ቀን መስኮትና መጋረጃ ይዝጉ፤ የውጭው አየር ከቤቱ ሲቀዘቅዝ ይክፈቱ። የአየር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ቬንቲሌተር (የአየር ማራገቢያ) ትኩስ አየር እየነፋ ይብስ ያሞቃል።

ቀጥሎ የሚወስዱትን መድኃኒት ይፈትሹ። ይህ በብዙ ቤት የሚዘነጋ ነገር ነው። ሽንት የሚያበዙ የደም ግፊት መድኃኒቶች ፈሳሽ ያሳጣሉ። ለአእምሮ ሕመም ከሚታዘዙት አንዳንዶቹ ላብን ይቀንሳሉ፤ ከእነዚሁ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሊቲየም ደግሞ ሰውነት ውሃ ሲያጥረው በደም ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዝ ይችላል። በካናዳው ሙቀት ከሞቱት መካከል የስኪዞፍሬንያ (ከባድ የአእምሮ ሕመም) ሕሙማን ቁጥር ጎልቶ የታየውም ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ ነው፤ ሙቀቱ ሳይመጣ ሐኪም ያማክሩ።

ውሃ ለመጠጣት ጥም እስኪመጣ አይጠብቁ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጥም ቶሎ አይሰማቸውም።

ስሜትንም ይከታተሉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይነጫነጫል፣ ለጠብም ይቸኩላል፤ በሙቀት ወራት ራስን የማጥፋት አደጋ እንደሚጨምር ጥናቶች ያሳያሉ። ከባድ ንግግርና ትልቅ ውሳኔ ቀዝቀዝ እስኪል ይቆይ። ተስፋ መቁረጥ የሚታይበትን ሰው ግን ብቻውን አይተዉት፤ ዛሬውኑ ባለሙያ ጋ ያድርሱት።

ብቻውን የሚኖር ጎረቤት ካለ በስልክ «ደህና ነኝ» ማለቱ አይብቃዎት። ገብተው ክፍሉን ይዩ፤ በተለይ አመሻሽ ላይ።

ንግግሩ የተምታታ፣ የሚንገዳገድ ወይም የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ የደረሰ ሰው ካጋጠመዎት፣ ላብ ቢያልበውም አይዘናጉ። አምቡላንስ ይጥሩ፣ ወደ ጥላ ይውሰዱት፣ ልብሱን ያቅልሉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ ያራግቡለት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡት፤ እርዳታ እስኪደርስ ማቀዝቀዙን አያቋርጡ።