ከዋሽንግተን እስከ ቦስተን በባቡር፦ የቤዝቦል ስታዲየሞችን እየዞሩ ለመመልከት እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

በቤዝቦል ደንብ ልኩ በጥብቅ የተወሰነው የሜዳው ውስጠኛ ክፍል ነው። ከአንዱ ቤዝ (መቺው ሲሮጥ በየተራ ከሚረግጣቸው ማዕዘኖች አንዱ) እስከ ቀጣዩ 27.4 ሜትር፣ ኳስ ወርዋሪው ከሚቆምበት እስከ መቺው ቦታ ደግሞ 18.4 ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ወዲያ ያለው የውጭ ሜዳ ግን ስፋቱም ሆነ የአጥሩ ቁመት ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ፣ በአንዱ ስታዲየም አጥር ተሻግሮ ሆም ራን የሚሆን ምት በሌላው ስታዲየም በተከላካይ እጅ ይቀራል። በአሜሪካ ብዙ ተመልካቾች የክረምቱን ዕረፍት ስታዲየሞችን በመዞር የሚያሳልፉትም በዚህ ምክንያት ነው። ለጀማሪ የምመክረው መንገድ ከዋሽንግተን ተነሥቶ በባልቲሞር፣ በፊላደልፊያና በኒው ዮርክ አልፎ ቦስተን የሚደርሰውን ነው። ከተሞቹ በአንድ የባቡር መስመር የተያያዙ ስለሆኑ መኪና አያስፈልግም፤ በዋሽንግተንና በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንም ጉዞው ከደጃፋቸው ይጀምራል።

መጀመሪያ የሚሠራው የጨዋታ መርሐ ግብሩን ማጥናት ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ 162 ጨዋታዎችን ያደርጋል፤ ግማሾቹ በሜዳው ናቸው። ቡድኖች አንድ ከተማ ሲደርሱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ሦስት ቀን ተከታትለው ይጫወታሉ፤ ባለሜዳው ቡድን ሲጓዝ ደግሞ ስታዲየሙ ለአንድ ሳምንት ያህል ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቡድኖቹን የሜዳ ጨዋታ ቀናት በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ከቦስተን ይጀምሩና ወደ ኋላ እየቆጠሩ ሌሎቹን ያገጣጥሙ። በኒው ዮርክ ያንኪስና ሜትስ የሚባሉ ሁለት ቡድኖች ስላሉ እዚያ ጨዋታ ማግኘት ከሌሎቹ ይቀላል። የቦስተን የኤፕሪል ምሽት ብርዱ ከባድ ነው፤ በጁላይና በኦገስት ደግሞ ሙቀትና ነጎድጓዳማ ዝናብ ይበዛል። ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን ያለው ጊዜ ለዚህ መንገድ የተሻለ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ቲኬት ይግዙ። ቲኬቱ የሚላከው በስልክ ስለሆነ ወደ ስታዲየሙ ሲሄዱ የስልክዎ ባትሪ የተሞላ መሆን አለበት። ከቅዳሜና እሑድ ይልቅ በሥራ ቀናት ምሽት ዋጋው ዝቅ ይላል። መቀመጫ ሲመርጡ፣ በውጭ ሜዳ በኩል ካለው ዝቅተኛ ወንበር ይልቅ ከመቺው ጀርባ ከፍ ብሎ የሚገኘው ርካሽ ወንበር ይበልጣል፤ የኳሱ አቅጣጫም የተከላካዮቹ አቋቋምም ከዚያ ጎልቶ ይታያልና። መቺው በምትጠልቅ ፀሐይ ዓይኑ እንዳይጭበረበር ሜዳዎቹ በአብዛኛው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዘነበሉ ስለሆኑ፣ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ጥላ የሚያገኘው የሦስተኛው ቤዝ ጎን ነው። በቦስተኑ ፌንዌይ ፓርክ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 የተከፈተ በመሆኑ ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች ከአንዳንድ ወንበሮች ፊት ይጋረጣሉ።

ወደ ስታዲየሞቹ መድረስ አያስቸግርም። በዋሽንግተን የሜትሮው አረንጓዴ መስመር ኔቪ ያርድ ጣቢያ ያወርድዎታል፤ በባልቲሞር ቀላል ባቡሩ ካምደን ያርድስ ከሚባለው ስታዲየም ደጃፍ ይቆማል፤ በፊላደልፊያ የብሮድ ስትሪት መስመርን ይዘው ወደ ደቡብ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ይሂዱ። በኒው ዮርክ ለያንኪስ 4 ቁጥር ባቡር፣ ለሜትስ 7 ቁጥር፣ በቦስተን ደግሞ ግሪን ላይን እስከ ኬንሞር ይበቃል። ሻንጣዎን ግን ሆቴል ይተዉት፤ በር ላይ የሚፈቀደው የቦርሳ መጠንና ዓይነት ከስታዲየም ስታዲየም ስለሚለያይ የእያንዳንዱን ደንብ አስቀድመው ያንብቡ። በባልቲሞር ከቤት የመጣ ምግብ ይፈቀዳል፤ ለረጅም ምሽት ከቆሎ የሚስማማ ስንቅ አላውቅም።

በሮች እንደተከፈቱ መግባት የጉዞው ዋና ምክር ነው። ስታዲየሙን ራሱን ለማየት ነው የመጡት፤ ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ ከወንበር መነሣት ያስቆጫል። በባልቲሞር ከቀኝ ሜዳው ጀርባ ከ300 ሜትር በላይ የሚረዝም የጡብ የባቡር ዕቃ መጋዘን አለ፤ በመጋዘኑና በሜዳው መካከል ባለው ዩታው ጎዳና ላይ ሆም ራኖች ያረፉባቸው ቦታዎች በናስ ሰሌዳ ተመልክተዋል። ይህ ስታዲየም በ1992 ሲከፈት፣ ለቤዝቦልም ለአሜሪካ እግር ኳስም እንዲሆኑ ታስበው የተሠሩትን ክብ የኮንክሪት ስታዲየሞች ዘመን አብቅቶ ከተሞች ለቤዝቦል ብቻ የሚሆን፣ ከሠፈራቸው ጋር የተዋሐደ ስታዲየም እንዲሠሩ አርአያ ሆኗል። የዝነኛው የቤዝቦል ተጫዋች የቤብ ሩት የትውልድ ቤትም ሙዚየም ሆኖ በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ ይገኛል። በሜትስ ስታዲየም መግቢያ ያለው አዳራሽ በ1947 ጥቁር ተጫዋቾችን ከዋናው ሊግ ያገደውን የቆዳ ቀለም አጥር ለሰበረው ለጃኪ ሮቢንሰን የተሰየመ ነው፤ ፈጥነው አይለፉት። በፌንዌይ በግራ ሜዳ በኩል የቆመው 11.3 ሜትር የሚደርሰው አረንጓዴ ግድግዳ ከፎቶግራፍ ይልቅ በዓይን ሲያዩት ያስደንቃል፤ ወደ መቺው በጣም የቀረበ ነውና።

ጨዋታው ሲጀመር መሠረቱ ቀላል ነው፦ አንዱ ቡድን ይመታል፣ ሦስት ተጫዋቾቹ አውት ሲሆኑ (በተከላካዮቹ ከተራው ሲወጡ) ተራውን ይለቃል፤ ይህ 9 ጊዜ ይደጋገማል፤ እኩል ከሆኑ ይቀጥላሉ እንጂ አቻ ብሎ ነገር የለም። ከ2023 ወዲህ ወርዋሪው ቤዞቹ ባዶ ሲሆኑ በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር ስላለበት አብዛኛው ጨዋታ ከሦስት ሰዓት በታች ያልቃል። ጨዋታውን በትክክል ለመረዳት የውጤት መመዝገቢያ ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። ተከላካዮቹ ከ1 እስከ 9 ቁጥር አላቸው፤ ወርዋሪው 1፣ ኳስ ያዡ 2፣ የአንደኛ ቤዝ ጠባቂው 3 እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ «6-4-3» ብሎ የጻፈ ሰው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው ተጫዋች ኳሷን ለሁለተኛ ቤዝ፣ እርሱም ለአንደኛ ቤዝ አቀብሎ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አውት እንደሆነ መዝግቧል ማለት ነው። መዝጋቢ ሰው አንድም ውርወራ አያመልጠውም፤ አጠገብ የተቀመጠ እንግዳም ጠይቆት ወሬ ይጀምራል።

ወርዋሪው ሲዘጋጅ ከስልክዎ ቀና ይበሉ። ተመልካቹን ከኳስ የሚከላከለው መረብ በማይሸፍነው ቦታ ከተቀመጡ፣ በተለይ ልጆች ይዘው ከሆነ፣ ከመስመር ውጭ የሚወጣው ኳስ አደገኛ ፍጥነት አለው። ዝናብ ጨዋታውን ካሰረዘ ቲኬቱ ብዙውን ጊዜ ለተተኪው ቀን ያገለግላል፤ ያ ቀን ግን እርስዎ ከተማውን ከለቀቁ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሁሉም አብልጠው ሊያዩት በሚፈልጉት ከተማ ሁለት ሌሊት ይደሩ፤ የተሰረዘው ጨዋታ በማግስቱ ከመደበኛው ጋር ተደርቦ የሚደረግበት ጊዜ አለና። የመጨረሻውን የከተማ ባቡር ሰዓት ደግሞ ከመግባትዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ጨዋታው በጭማሪ ከቀጠለ ባቡሩ አይጠብቅም።