ከኮንዶሚኒየማችን አጠገብ ግንባታ ሲመጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጠዋት ልጅ ለማድረስ ከብሎክ ሲወርዱ፣ እስከ ትናንት ማታ ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት የነበረው ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሮ ያገኙታል። ጥበቃውን ቢጠይቁት «ባለሀብት ሊገነባበት ነው» ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም። በእኛም ግቢ የሆነው ይኸው ነበር። ያን ጊዜ የሠራናቸውን ስህተቶች ሌላው ጎረቤት እንዳይደግማቸው ስለምፈልግ አንድ በአንድ ላስረዳ።

የመጀመሪያው «ቦታው የእኛ ነው» ብሎ መጮህ ነው። እኛም ጮኸን። ማስረጃ ስንጠየቅ ግን በእጃችን ያለው የየቤታችን ካርታ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እሱ ደግሞ ስለ ሜዳው ምንም አይናገርም። አንድ ክፍት ቦታ ከሦስት አንዱን ሊሆን ይችላል። የግቢው የጋራ መጠቀሚያ ከሆነ፣ በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሁሉም ባለቤቶች የማይነጣጠል ንብረት ነው፤ ክርክሩም የባለቤትነት ነው። የከተማው አረንጓዴ ቦታ ከሆነ ጥያቄው ይለወጣል፦ የመሬት አጠቃቀሙ መቼ፣ በማን ውሳኔ ተቀየረ? ነዋሪውስ ተወያይቶበታል? ከጅምሩ ለሌላ አገልግሎት የተያዘ መሬት ከሆነ ደግሞ «ለምን ይገነባል» የሚለው ብዙም አያስኬድም፤ ስንት ፎቅ፣ ምን ያህል ጥልቅ ቁፋሮ፣ በየት በኩል መኪና ይገባል፣ ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል የሚለው ላይ ነው መበርታት ያለብን። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የግቢውን ሳይት ፕላን (ብሎኮቹና ክፍት ቦታዎቹ የሚታዩበትን ንድፍ)፣ የቦታውን የመሬት አጠቃቀም፣ ተሰጥቶ ከሆነም የፕላን ስምምነቱን (ከግንባታ ፈቃድ በፊት የሚሰጠውን) እና የግንባታ ፈቃዱን በጽሑፍ ይጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ መልስ የሚሰጥበት ጊዜም በመደበኛው 30 ቀን ነው።

ሁለተኛው ማህበሩን የጥበቃና የጽዳት ገንዘብ መሰብሰቢያ ብቻ አድርጎ ማየት ነው። የባለቤቶች ማህበር በስሙ የሚከሰው፣ የሚከራከረው ሲመዘገብ ነው። ያልተመዘገበ ኮሚቴ ወረዳ ሲሄድ «እናንተ ማንን ነው የምትወክሉት?» ይባላል፤ መልስ የለውም። ተከራይቶ የሚኖረው ቢበዛና ባለቤቶቹ ቢበተኑ እንኳ፣ አረብ አገር ያለችውም አሜሪካ ያለውም ውክልና ልከው ምልዓተ ጉባኤ መሙላት ይቻላል። ይህ ቆርቆሮው ከመታጠሩ በፊት ቢያልቅ እንዴት መልካም ነበር።

በአፍ መናገርም ብዙ አስከፍሎናል። ሊቀመንበራችን ሦስት ጊዜ ክፍለ ከተማ ተመላልሰው «እናየዋለን» ተብለው ተመለሱ። በኋላ ቅሬታ ማቅረባችንን ማስረዳት ሲያስፈልግ አንዲት ወረቀት አልነበረንም። ደብዳቤው በሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርገው ይያዙ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን የስንጥቁ ነገር ነው። ለቤዝመንት ሲቆፈር ማታ ማታ የቡፌው ብርጭቆ ይንቀጫቀጭ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ጥግ ወደ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ አየሁ፤ ጣቴን ሳስኬድበት ጥፍሬ ይገባል። የሥራ ተቋራጩ ሰው መጥቶ አየና «ይሄማ የቆየ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ሲሠራም ይሰነጠቃል» አለኝ። እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ግን ምን ላሳየው? ቁፋሮ ሳይጀመር እያንዳንዱን ክፍል፣ ደረጃውንና የውጭውን ግድግዳ ፎቶ አንሱ፤ ቀኑ ይታይ፣ ስንጥቅ ካለ አጠገቡ ማስመሪያ ይቀመጥ። በነባሩ ስንጥቅ ላይ ትንሽ ጀሶ ተሻግሮ ይለጠፍና ቀን ይጻፍበት፤ ጀሶው ከተሰበረ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። ያኔ መሐንዲስ ጠርቶ በጽሑፍ ማስመስከር ነው።

ሌላው ሁሉንም ቅሬታ በአንድ ደብዳቤ መከመር ነው። በእኛው ደብዳቤ ላይ አቧራው፣ የሌሊት ጩኸቱ፣ የቤት ዋጋ መውረዱ፣ ፀሐይ መከልከሉ፣ የሠራተኞቹ አለባበስ ሳይቀር ተዘርዝሮ ነበር። ያነበበው ሰው የቱን ይያዝ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 ባለ መሬት ከመልካም ጉርብትና ባለፈ በጭስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅና በንዝረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል። ስለዚህ ድምፁንና ንዝረቱን ከነሰዓቱ መዝግቦ ፊት ማስቀመጥ ይጠቅማል። እይታ ተከለለብኝ የሚለው የልብ ሐዘን ነው፤ ይገባኛል፤ ፈቃድ ያለውን ግንባታ ማስቆሙ ግን ያጠራጥራል።

«ፀረ ልማት እንባላለን» ብሎ ዝም ማለትም አለ። ፈቃዱን አሳዩን፣ ቁፋሮው እንዳይደረመስ ጎኑን በድጋፍ ያዙት ማለት ልማት ማደናቀፍ አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ ቆርቆሮ መገነጣጠልና የቀን ሠራተኛ ጋር መጋጨት እኛኑ ተከሳሽ ያደርገናል። ማስቆም ካለበት በፍርድ ቤት እግድ ነው፤ እሱም መሠረቱ ተሞልቶ ኮለን ከመውጣቱ በፊት ሲጠየቅ ይሻላል።

የመጨረሻው በየግል መደራደር ነው። ገንቢው ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ላሉት ግድግዳቸውን ጠግኖ ቀለም ቀባላቸው። ሰው ቤቱ ሲታደስለት እንዴት እምቢ ይላል? አልፈረድንባቸውም። በሚቀጥለው እሑድ ኮሚናሉ (የግቢው የጋራ መገልገያ ቤት) ውስጥ ለስብሰባ የተገኘነው ግን ከሁለተኛ ፎቅ በላይ የምንኖረው ብቻ ነበርን።