የኮንትሮል ሥራ ስንት ብር እንደሚያመጣ እንዴት ይሰላል? (በአልኮል ዲስቲሌሽን ምሳሌ)

ማኔጅመንቱ "ይሄ ኮንትሮል ምናምን የምትሉት ስንት ያተርፍልናል?" ሲል (ኮንትሮል ማለት ቴምፕሬቸርና ፍሰትን የመሳሰሉትን በተፈለገው ቁጥር ላይ መያዝ ነው) አብዛኛው ኢንጂነር "ሴፍቲ ይሻሻላል ጥራት ይጨምራል" ብሎ ያልፋል። ልክ ነው፣ ሴፍቲ ከሁሉም ይቀድማል፣ ግን በዚህ መልስ በጀት አይለቀቅም። እንደ ፊንጫና መተሐራ ከሞላሰስ ኤታኖል የሚያወጣ አንድ ኮለም (አልኮሉን በማፍላት ከውሃው የሚለይ ረጅም ማማ) እንውሰድ፣ ቁጥሮቹ ግን ለምሳሌ ያህል ናቸው የማንም ፋብሪካ አይደሉም።

መጀመሪያ የአንድ ወር የአልኮል ጥራት የላብ ውጤት ከሎግሺት ወደ ኤክሴል አስገቡና አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን፣ ማለትም ውጤቱ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ፣ አውጡ (ፋብሪካው የቆመበትንና የተነሳበትን ሰዓት አትቁጠሩ)። ደንበኛው ቢያንስ 95 በመቶ በቮልዩም ይፈልጋል እንበል፣ ዴቪዬሽናችሁ 0.4 ከሆነ ኦፕሬተሩ ከ95 ወርዶ እንዳይወቀስ ሁለት ዴቪዬሽን ርቆ 95.8 ላይ ይይዘዋል፣ እኔም ብሆን እንደዛው ነው የማደርገው። ግን ያቺ 0.8 በነጻ አትመጣም፣ ኤታኖልና ውሃ 97.2 በመቶ አካባቢ አዜዮትሮፕ (በተራ ዲስቲሌሽን ከዛ በላይ የማይለያዩበት ቅልቅል) ስለሚሰሩ ወደዛ በተጠጋችሁ ቁጥር ሪፍላክስ (ከአናቱ ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ኮለሙ የሚመለሰውን አልኮል) መጨመር ግድ ነው፣ እሱ ደግሞ መልሶ ስለሚፈላ ሪፍላክስ ማለት ስቲም ነው።

ቀጥሎ መዋዠቁን ቀንሱ። እዚህ ጋር ሰው ሁሉ ዚግለርና ኒኮልስ እ.ኤ.አ በ1942 ያወጡትን ፎርሙላ ይዞ ቱኒንግ (የኮንትሮለሩን ቁጥሮች ማስተካከል) ውስጥ ይገባል፣ ኧረ መጀመሪያ ቫልቩን እዩ! ሉፑን (ሴንሰሩ፣ ኮንትሮለሩና ቫልቩ አንድ ላይ) ማኑዋል ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ፣ መወዛወዙ ከቆመ ችግሩ እዛው ሉፕ ውስጥ ነው፣ ወይ ቫልቩ እየተጣበቀ ነው ወይ ቱኒንጉ ነው። ካልቆመ ከሌላ ቦታ እየመጣ ነው፣ የስቲም ፕሬዠሩን ወይም ፊዱን (ወደ ኮለሙ የሚገባውን) ጠርጥሩ። የሚጣበቅ ቫልቭ ደግሞ በቱኒንግ አይድንም።

የቴምፕሬቸር ሴንሰሩም ቦታ ወሳኝ ነው። ንጹህ ኤታኖል በ78.4 ዲግሪ ይፈላል አዜዮትሮፑ በ78.2፣ ስለዚህ የኮለሙ አናት ላይ ጥራቱ ቢለዋወጥም ቴምፕሬቸሩ እምብዛም አይነቃነቅም፣ ትንሽ የፕሬዠር ለውጥ እንኳን ልዩነቱን ይውጠዋል። ወረድ በሉና ከትሬይ ትሬይ (ኮለሙ ውስጥ የተደራረቡት ሳህኖች) ቴምፕሬቸሩ በደንብ የሚለያይበትን ቦታ ፈልጋችሁ እሱን ተቆጣጠሩ።

በቃ ዴቪዬሽኑ 0.2 ሆነ እንበል። እስካሁን አንድም ብር አላተረፋችሁም! ብሩ የሚመጣው ሴትፖይንቱ (የምትይዙት ዒላማ) ወደ 95.4 ሲወርድ ነው። ብዙ ፕሮጀክት የሚሞተው እዚህ ጋር ነው፣ ግራፉ አምሮ ቀጥ ብሎ ኦፕሬተሩ ግን አሁንም 95.8 ላይ ነው፣ ስለዚህ የሺፍት መሪዎቹን ቁጭ ብላችሁ ዳታውን አሳይታችሁ አሳምኑ።

ከዛ ሂሳቡ ቀላል ነው። በቀን 40,000 ሊትር፣ ለሊትር 2.5 ኪሎ ስቲም፣ በቀን 100 ቶን ማለት ነው። 4 በመቶ ከቀነሰ በቀን 4 ቶን፣ በ330 የሥራ ቀን 1,320 ቶን ስቲም። 4 በመቶዋን ከኔ አትውሰዱ፣ ሴትፖይንቱን ለተወሰነ ቀን አውርዳችሁ ከስቲም ሜትሩ ላይ ለኩት። ቶኑን ቦይለሩ ለአንድ ቶን ስቲም በሚያቃጥለው ነዳጅ ዋጋ አባዙና የቫልቭ ጥገናና የካሊብሬሽን ወጪውን ቀንሱ።

ቦይለሩ የሚያቃጥለው ባጋስ (ከተጨመቀ ሸንኮራ የሚቀረው ገለባ) ሆኖ የሚተርፋችሁና የማትሸጡት ከሆነ ግን ስቲም ቆጠብን ማለት ብዙም አያስኬድም። ያኔ ጥቅሙን ምርት ላይ ፈልጉት፣ ሪፍላክስ ሲቀንስ ኮለሙ ሳይጨናነቅ ተጨማሪ ፊድ ይቀበላል፣ ፈርመንቴሽኑ ያንን ማቅረብ ካልቻለ ግን እሱንም ሪፖርቱ ላይ አትጻፉት።